ማጣሪያው ሳይተከል ደረጃው ይጻፍ

(በማኅበራችን ወርሃዊ የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ኮሚቴያችን "ስለ አየር ብክለት አንድ ነገር በዪን" ሲለኝ ርዕሱ ሰፊ ስለሆነ አጥብቤ ይዤዋለሁ። ዛሬ የምናገረው በአውቶቡስ፣ በጭነት መኪናና በጄኔሬተር ውስጥ ስለሚቃጠለው ናፍጣ ጥራት ነው። ያ ጥራት በሕግ ይወሰን ሲባል ማን መንገድ ላይ እንደሚቆም፣ እንቅፋቱስ እንዴት እንደሚነሳ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ካለፉበት እንማራለን። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

"ናፍጣ የሾፌርና የመካኒክ ጉዳይ ነው፤ ለእኛ ምናችን ነው?" የምትል እህት ልትኖር ትችላለች። እስቲ እርስ በርስ እንተያይ። ከመካከላችን ኑሯችን ከመንገድ ዳር የሆነ ስንቶቻችን ነን? ጉሊት የምንቸረችር አለን። ቡና የምናፈላ፣ በቆሎ የምንጠብስ አለን። ልጅ በእጃችን ይዘን ረጅም የታክሲ ሰልፍ የምንጠብቅ ደግሞ ሁላችንም ነን። ሾፌሩ መስኮቱን ዘግቶ ያልፋል። ጭሱ ግን ወደ ኋላ ይቀራል፤ የሚቀረውም በዝቅተኛ በርጩማ ላይ በተቀመጠች ሴትና በእጇ በያዘችው ሕፃን አፍንጫ ልክ ነው። ነዳጁን የገዛው ሌላ፣ የሚተነፍሰው ሌላ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የእኛ ነው።

ድኝ በናፍጣ ውስጥ

ድፍድፍ ነዳጅ ከመሬት ሲወጣ ድኝ ይዞ ይወጣል። ድኝን ሁላችንም እናውቀዋለን። ክብሪት ስንጭር አፍንጫችንን የሚወጋን እሱ ነው፤ በመጽሐፍም በሰዶምና በገሞራ ላይ ከእሳት ጋር ወረደ የሚባለው እሱ ነው። ከነዳጅ ማጣሪያ ሥራዎች አንዱ ይህን ድኝ ማውጣት ነው። ዘዴው የታወቀ ነው፤ በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት ሃይድሮጅን ይጨመርበትና ድኙ ከነዳጁ ይለያል። መሣሪያው ግን ውድ ነው። ስለዚህ "ምን ያህል ድኝ ይቅር?" የሚለው ጥያቄ የገንዘብ ጥያቄ ነው። የገንዘብ ጥያቄ ሲሆን ደግሞ ወደ ፖለቲካ መግባቱ አይቀርም።

መለኪያው ፒፒኤም ይባላል። ስሙ አያስፈራችሁ። 1 ፒፒኤም ማለት በአንድ ኪሎ ናፍጣ ውስጥ 1 ሚሊግራም ድኝ አለ ማለት ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከ2009 ጀምሮ ለመኪና ናፍጣ የሚፈቅደው 10 ፒፒኤም ነው። ጋና እስከ 2017 ድረስ ስትፈቅድ የቆየችው ደግሞ 3,000 ነበር። ይህንን በጓዳችን መለኪያ እንየው። አንድ የጭነት መኪና 300 ሊትር ናፍጣ ሞላ እንበል። በአውሮፓው ደረጃ ከሆነ በዚያ ሁሉ ናፍጣ ውስጥ ያለው ድኝ ሁለት ግራም ተኩል ያህል ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። በ3,000 ፒፒኤም ሲሆን ግን ሦስት ሩብ ኪሎ ይሆናል። መኪናው ነዳጁን በጨረሰ ቁጥር ያ ሦስት ሩብ ኪሎ ድኝ ተቃጥሎ እኛ በምንተነፍሰው አየር ላይ ይበተናል።

ጉዳቱ በሁለት በኩል ነው። አንደኛው በቀጥታ ነው። ድኙ ሲቃጠል የሚወጣው ጋዝ ጉሮሮና ደረትን ያስቆጣል፤ አስም ያለበትን ሰው ያፍነዋል። አየር ላይ ሲቆይ ደግሞ ወደ ደቂቅ ብናኝ ይለወጣል። ብናኙ ከፀጉር ውፍረት በብዙ እጥፍ ያነሰ ስለሆነ ወደ ሳንባ ጥግ ይዘልቃል፤ ከዚያም አልፎ ልብንና የደም ሥርን ይጎዳል። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም በ2012 የናፍጣ ጭስን "ካንሰር አምጪ" ብሎ የመጀመሪያው ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። የትምባሆ ጭስና አስቤስቶስ ያሉበት ምድብ ነው።

ሁለተኛው ጉዳት ብዙ አይወራለትም። ዘመናዊ የናፍጣ መኪና ከማርሚታው በፊት ጭሱን የሚያጣራ ዕቃ ተገጥሞለታል። ድኝ የበዛበት ናፍጣ ያንን ዕቃ ይደፍነዋል፣ ያበላሸዋል። ስለዚህ አሮጌ መኪና ከልክለን አዲስ መኪና ብናስገባም፣ የምንሞላው ናፍጣ ቆሻሻ ከሆነ ድካማችን ከንቱ ነው። አዲስ ጀበና ገዝቶ በጭቃ ውሃ ቡና እንደማፍላት ነው።

ደረጃ በየትም አገር በአንድ ቀን አልመጣም

"ይህ የሀብታም አገር ወግ ነው" የሚል ክርክር ሁልጊዜ ይነሳል። አውሮፓም ንጹሕ ሆና አልተወለደችም። በ1994 ትፈቅድ የነበረው 2,000 ፒፒኤም ነበር። በ1996 ወደ 500 አወረደችው፤ በ2000 ወደ 350፣ በ2005 ወደ 50፣ በ2009 ወደ 10። አሥራ አምስት ዓመት ፈጅቶባታል። በየደረጃው የነዳጅ ኩባንያዎች "አይቻልም፣ ይወደዳል" ማለታቸው አልቀረም። መንግሥታቱ ቀኑን አስቀድመው በሕግ ስለጻፉት ግን ኩባንያዎቹ ለዚያ ቀን ተዘጋጁ።

አፍሪካም ከዚህ ቀደም ተሳክቶላታል። በቤንዚን ውስጥ ይጨመር የነበረው እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው። በሰኔ 2001 ከሰሐራ በታች ያሉ አገሮች ተወካዮች ዳካር ላይ ተሰብስበው እርሳሱ እንዲወጣ ተስማሙ። ያኔም "ሞተር ይበላሻል፣ ዋጋ ይንራል" ተብሎ ነበር። በአራት ዓመት ተኩል ገደማ፣ በ2006 መጀመሪያ ላይ፣ ከሰሐራ በታች ባሉ አገሮች ሁሉ እርሳስ ያለበት ቤንዚን ማስገባትም ማምረትም ቀረ። ሞተርም አልቆመ፣ አገርም አልፈረሰ። በዓለም ላይ የመጨረሻዋ አልጄሪያ ነበረች፤ እሷም በሐምሌ 2021 አቆመች። አልጄሪያ ዘይት የሚወጣባትና የራሷ ማጣሪያዎች ያሏት አገር ናት። ይህንን ልብ በሉልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ሞምባሳ፦ እንቅፋቱ ሲነሳ

አሁን ወደ ጎረቤታችን ኬንያ እንሂድ። ኬንያ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በሞምባሳ፣ ቻንጋምዌ በሚባል ቦታ፣ የነዳጅ ማጣሪያ ነበራት። ማጣሪያው አርጅቶ ነበር። ድኝን በሚፈለገው መጠን የሚያወጣ መሣሪያ አልነበረውም። ማሳደሻው ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ነዳጅ አከፋፋዮቹ የተወሰነውን ድፍድፍ እዚያ እንዲያስጣሩ በሕግ ይገደዱ ስለነበር፣ ከውጪ ተጣርቶ ከሚመጣው የተሻለ ባይሆንም መግዛት ነበረባቸው። ማጣሪያው እያለ ደረጃውን ማጥበቅ ማለት በመንግሥት ድርሻ ያለበትን፣ ሠራተኞች የሚተዳደሩበትን ድርጅት መዝጋት ማለት ነበር። የትኛው ባለሥልጣን ነው ይህንን ደፍሮ የሚፈርመው?

በመስከረም 2013 ማጣሪያው ሥራ አቆመ። ያቆመው በአየር ብክለት ምክንያት አይደለም፤ አላዋጣም ብሎ ነው። ከዚያ በኋላ አገሪቱ የምትጠቀምበት ነዳጅ በሙሉ ከውጪ ተጣርቶ የሚገባ ሆነ። ከውጪ ከሚገዛ ደግሞ ጥሩውን መግዛት ይቻላል። በጥር 2015 ኬንያ፣ ዩጋንዳ፣ ታንዛንያ፣ ሩዋንዳና ቡሩንዲ በአንድነት የናፍጣቸውን ድኝ ወደ 50 ፒፒኤም አወረዱ። አንዱ አገር ብቻውን ቢሆን ኖሮ ቆሻሻው ነዳጅ በድንበር በኩል ይገባ ነበር፤ አንድ ላይ ስላደረጉት መግቢያ ቀዳዳው ጠበበ። ጊዜውም ረዳቸው። ከ2014 አጋማሽ ጀምሮ የዓለም የነዳጅ ዋጋ እየወረደ ስለነበር፣ ንጹሕ ነዳጅ የሚጨምረው ትንሽ ዋጋ በማደያው ላይ ለሕዝቡ ሸክም ሆኖ አልታየም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር እንያዝ። የራሱ ማጣሪያ የሌለው አገር ደረጃውን ለማጥበቅ ይቀለዋል። ዋጋ በሚወርድበት ወቅት የገባ ደረጃ ደግሞ ተቃዋሚው ያንሳል።

ጋና፦ ገዢው ሕግ ካላወጣ ሻጩ አያዝንም

በምዕራብ አፍሪካ ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። በ2016 ፐብሊክ አይ የተባለ የስዊዘርላንድ ድርጅት አንድ ጥናት አወጣ። ባለሙያዎቹ በስምንት የአፍሪካ አገሮች ከማደያ ናፍጣና ቤንዚን እየገዙ በላቦራቶሪ አስመረመሩ። በማሊ የተገኘ አንድ የናፍጣ ናሙና 3,780 ፒፒኤም ድኝ ነበረበት። ከአውሮፓው ደረጃ በ378 እጥፍ መብለጡ ነው። ከሁሉ የሚያስገርመው ነዳጁ የሚዘጋጅበት ቦታ ነው። ብዙው የሚቀላቀለው በአምስተርዳም፣ በሮተርዳምና በአንትወርፕ ወደቦች ነበር። በዚያው በአውሮፓ ምድር ሊሸጥ የማይችለው ነዳጅ እየተዘጋጀ ወደ አፍሪካ ይጫን ነበር።

ድርጅቱ በአክራ አየር የተሞላ ኮንቴነር አስጭኖ ወደ ጄኔቫ፣ ወደ አንዱ ነጋዴ ኩባንያ መሥሪያ ቤት ወሰደው። "ዕቃችሁን መልሰን አመጣንላችሁ" ማለቱ ነው። የነዳጅ ነጋዴዎቹ መልስ አጭር ነበር፦ "እኛ የየአገሩን ሕግ አክብረን ነው የምንሸጠው።" እውነታቸውን ነው። የጋና ሕግ 3,000 ሲል 2,900 ያለበትን ናፍጣ መሸጥ ወንጀል አይደለም። ሕጉ የፈቀደውን ነጋዴ ለምን ይከለክላል ብሎ መጠበቅ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።

የናይጄሪያ የአካባቢ ሚኒስትር የነበሩት ወይዘሮ አሚና መሐመድ፣ በኋላ የተባበሩት መንግሥታት ምክትል ዋና ጸሐፊ የሆኑት፣ በታኅሣሥ 2016 የጎረቤት አገሮችን ወደ አቡጃ ጠሩ። ናይጄሪያ፣ ቤኒን፣ ቶጎ፣ ጋናና ኮትዲቯር ቆሻሻ ናፍጣ እንዳይገባ ለማገድ ተስማሙ። ጋና ቃሏን ጠበቀች። በሐምሌ 2017 ወደ አገሯ የሚገባው ናፍጣ ከ3,000 ወደ 50 ፒፒኤም እንዲወርድ አደረገች። ብዙ ዓመት የማይቻል የመሰለው ነገር በወራት ውስጥ ሆነ፤ ምክንያቱም የሚያስፈልገው ለሻጩ የሚሰጠው ትእዛዝ ላይ ቁጥሩን መለወጥ ነበር።

ነገር ግን አንድ ማመልከቻ ቀርቶ ነበር። ጋና ቴማ በምትባለው የወደብ ከተማዋ የመንግሥት ማጣሪያ አላት። ይህ ማጣሪያ 50 ፒፒኤም ማምረት አይችልም ነበር። ስለዚህ ከውጪ በሚገባው ላይ የተጣለው ገደብ ለእሱ ላላ፤ የእፎይታ ጊዜ ተሰጠው። ባዕዱን ነጋዴ ማዘዝ ቀላል ሆኖ ሳለ የራስን ልጅ ማዘዝ ከበደ። እዚያ የሚሠሩ ሰዎች ክፉ ስለሆኑ አይደለም። እንጀራቸው ነው፤ መንግሥትም ገንዘቡን አፍስሶበታል። አንድ ጊዜ ከቆሻሻ ነዳጅ የሚበላ አፍ ከተከፈተ በኋላ ደረጃ ያንን አፍ ለማስዘጋት መለመን ይጀምራል።

ናይጄሪያ፦ ስብሰባውን ጠርታ ወደ ኋላ የቀረችው

የአቡጃውን ስብሰባ ያስተናገደችው ናይጄሪያ ራሷ ግን በተባለው ቀን አልደረሰችም። በፖርት ሃርኮርት፣ በዋሪና በካዱና ያሏት የመንግሥት ማጣሪያዎች ለዓመታት እየተንገዳገዱ የኖሩ ነበሩ። ቤንዚኑ ደግሞ በመንግሥት ድጎማ የሚሸጥ ነበር። ድጎማውን መንካት ምን እንደሚያመጣ መንግሥት በጥር 2012 አይቶታል፤ ድጎማው በአንድ ቀን ሲነሳ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፣ ሥራ ቆመ፣ መንግሥትም በከፊል ወደ ኋላ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ነዳጅን የሚመለከት ማንኛውም ለውጥ፣ የጥራትም ቢሆን፣ በፍርሃት የሚታይ ሆነ። "ዋጋ ይጨምራል" የሚለው ቃል ብቻውን ሚኒስትሮችን ያሸሻል።

በ2020 የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ማኅበረሰብ፣ ኤኮዋስ፣ ለአባላቱ ሁሉ የሚሆን ደረጃ አጸደቀ። ከውጪ የሚገባው ናፍጣ ከ2021 ጀምሮ 50 ፒፒኤም ይሁን አለ። የአገር ውስጥ ማጣሪያዎች ግን እስከ 2025 እንዲታገሡ ተፈቀደላቸው። አያችሁ፣ እንደገና ያው ነው። ከውጪ ለሚመጣው "አሁን"፣ ለቤቱ ማጣሪያ "ቆይ" ተባለ።

በ2024 ደግሞ ሌላ ነገር ታየ። በሌጎስ አጠገብ አዲሱ የዳንጎቴ ማጣሪያ ሥራ ጀመረ። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት "የዳንጎቴ ናፍጣ ድኙ ከሚገባው የበዛ ነው" አለ። ባለቤቱ ደግሞ የምክር ቤት አባላትን ጠርተው በፊታቸው አስመረመሩና "የእኔ ነው ንጹሑ፣ ቆሻሻው ከውጪ የሚገባው ነው" አሉ። የድኝ ቁጥር የጋዜጣ የፊት ገጽ ወሬ ሆነ። ሁለቱም ወገን የራሱን ቁጥር ይዞ ሲከራከር፣ ሕዝቡ በየወሩ ተለክቶ የሚታወጅና የሚታመን ቁጥር ስላልነበረው ማንን እንደሚያምን ግራ ገባው። ደረጃ በወረቀት ላይ መኖሩ ብቻውን አይበቃም። የሚለካው ማን ነው? ውጤቱስ ለማን ይነገራል? ይህም የደረጃው አካል ነው።

ከሻጩ በኩልም አንድ እርምጃ መጥቷል። የኔዘርላንድስ ተቆጣጣሪ ከ2023 ጀምሮ ከወደቦቿ ወደ ምዕራብ አፍሪካ የሚጫነው ነዳጅ ከ50 ፒፒኤም በላይ ድኝ እንዳይኖርበት አዟል። መልካም ነው። ነገር ግን አንዱ ወደብ ሲዘጋ ነጋዴ ሌላ ወደብ ይፈልጋል። መጨረሻ ላይ የሚያድነው የገዢው አገር ሕግ ነው።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ። በ1967 ሥራ የጀመረው የአሰብ ማጣሪያ በ1997 ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ኢትዮጵያ የምትጠቀምበት ነዳጅ ተጣርቶ ከውጪ የሚገባ ነው፤ አብዛኛው በጅቡቲ በኩል በቦቴ ተጭኖ ይመጣል። ግዥውን የሚፈጽመው የመንግሥት የነዳጅ አቅራቢ ድርጅት ነው። እንግዲህ አቋማችን ማጣሪያዋ ከቆመ በኋላ ኬንያ የነበረችበትን ይመስላል። ገዢው አንድ ነው፣ የምንከላከልለት አሮጌ ማጣሪያ የለንም። የባሕረ ሰላጤው ታላላቅ ማጣሪያዎች ለአውሮፓ 10 ፒፒኤም ናፍጣ ያመርታሉ። ወደ እኛ የሚመጣውን ጥራት የሚወስነው በግዥ ውሉ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ነው።

እንቅፋት የለም ማለቴ ግን አይደለም። የመጀመሪያው የውጭ ምንዛሪ ነው። ዶላር ሲያጥር ገዢ የሚያየው ዋጋውን እንጂ ድኙን አይደለም። ሁለተኛው የዋጋ ፍርሃት ነው። ናፍጣ ሲጨምር የታክሲው፣ የእህሉ፣ የሽንኩርቱ ዋጋ አብሮ እንደሚጨምር ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን መለየት አለብን። ባለፉት ዓመታት ነዳጅ የተወደደብን በዓለም ገበያ፣ በብር ምንዛሪና ድጎማው ደረጃ በደረጃ በመነሳቱ ነው። ንጹሕ ናፍጣ ከቆሻሻው የሚበልጥበት ዋጋ ከእነዚህ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። አንዱን ፍርሃት ለሌላው ምክንያት እንዳያደርጉብን። ሦስተኛው በመንገድ ላይ የሚደረግ ቅልቅል ነው። ርካሹ ነዳጅ ከውዱ ጋር በሚቀላቀልበት አገር ንጹሕ ሆኖ ወደብ የደረሰው ማደያው ላይ ንጹሕ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ መለኪያው ወደቡ ላይ ብቻ መቆም የለበትም።

መንግሥት በመኪኖቹ በኩል ትልልቅ እርምጃ ወስዷል። በ2020 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ግብር ጣለ። በ2024 መጀመሪያ ላይ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። አንዳንዱ "እንግዲህ ሁሉም ኤሌክትሪክ ሊሆን ነው፣ የናፍጣ ነገር ምን ያደርግልናል?" ይላል። የጅቡቲን መንገድ የሚያመላልሱት ተሳቢዎች፣ አውቶቡሶቹ፣ ሲኖትራኮቹ፣ ትራክተሮቹና የግንባታ መሣሪያዎቹ ግን አሁንም ናፍጣ ነው የሚጠጡት። ለብዙ ዓመታትም ይጠጣሉ። ከሁሉ የበለጠ የሚያጨሱትም እነሱ ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ደረስኩ። በጥቅምት 2025 መጀመሪያ፣ በእኛ አቆጣጠር በመስከረም 2018 ዓ.ም.፣ በሶማሌ ክልል በጎዴ የነዳጅ ማጣሪያ የመሠረት ድንጋይ ተቀምጧል። አገር የራሷን ዘይት አጣርታ ብትጠቀም የማይደሰት የለም። እኔም ደስ ይለኛል። ግን አልጄሪያን፣ ቴማን፣ ቻንጋምዌን አስታውሱ። ማጣሪያ ከተሠራ በኋላ ደረጃ ማጥበቅ ማለት የተሠራውን አፍርሱ፣ ገንዘብ ጨምሩ፣ ሠራተኛ አሰናብቱ እንደማለት ነው። ከመሠራቱ በፊት ግን በንድፉ ላይ አንድ መሣሪያ ጨምሩ ማለት ብቻ ነው። ድኝ ማውጫው በመጀመሪያው ንድፍ ውስጥ ከገባ ወጪው ከጠቅላላው ጋር ይሄዳል። በኋላ ከሆነ በየዓመቱ "ቆይ፣ ትንሽ ጊዜ ስጡን" የሚል ደብዳቤ ይጻፋል፤ ያንን ደብዳቤ ቴማ ላይ አይተነዋል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ምን እንጠይቅ?

ማኅበራችን የሴቶች መረዳጃ ነው፤ ፓርቲ አይደለም፣ መሐንዲስም አይደለም። ግን የመጠየቅ መብት አለን። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ለሁሉም ሰው ሰጥቷል። በ2002 የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ደግሞ በትልልቅ ፕሮጀክቶች ላይ የሕዝብ አስተያየት እንዲሰማ ያዛል። ስለዚህ ለነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን፣ ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንና በምክር ቤት ለወከሉን ሰዎች የሚሄድ አንድ ደብዳቤ እንድንጽፍ ሐሳብ አቀርባለሁ። ደብዳቤው ሦስት ነገር ብቻ ይጠይቅ።

አንደኛ፣ በናፍጣ ግዥ ውል ላይ የሚፈቀደው የድኝ መጠን ለሕዝብ ይገለጽ፤ ከ50 ፒፒኤም በላይ እንዳይሆንም በደረጃ ይጻፍ፤ ወደ 10 የሚወርድበት ቀን አብሮ ይቀመጥ።

ሁለተኛ፣ ከማደያዎች በየጊዜው ናሙና ይወሰድና ውጤቱ የማደያውን ስም ይዞ ይውጣ። የዱቄትና የዘይት ጥራት የሚያስጨንቀን ያህል ይህም ያስጨንቀን።

ሦስተኛ፣ የጎዴው ማጣሪያ ሥራ ሲጀምር ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ 10 ፒፒኤም እንዲያመርት በፈቃዱ ውስጥ ይጻፍ። የእፎይታ ጊዜ የሚባል ነገር አይግባበት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እንግዲያው ወረቀቱ ገና ባዶ ሳለ መልካሙን ነገር እናስይዘው።

ከመቀመጤ በፊት አንድ ጥያቄ እንደሚነሳ ስለማውቅ ቀድሜ ልመልስ። "የሚገድለን የጓዳችን ጭስ ሆኖ ሳለ ለምን ስለ መኪና ታወሪያለሽ?" ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ የማገዶና የከሰል ጭስ እናቶችንና ሕፃናትን ክፉኛ ይጎዳል። ስለ ኤሌክትሪክ ምጣድና ስለ ተሻሻለ ምድጃ የጀመርነው ቁጠባ ይቀጥል። ነገር ግን ልዩነት አለው። ጓዳዬን አቅሜ በፈቀደ መጠን እኔ እለውጠዋለሁ፤ መስኮት እከፍታለሁ፣ ምድጃ እቀይራለሁ፣ ልጄን ወደ ደጅ አወጣታለሁ። ደጁ ላይ ያለውን አየር ግን ማናችንም ብቻችንን አንለውጠውም። በገንዘብም አይገዛም። የሚለወጠው አንድ ቁጥር በአንድ ውል ላይ ሲጻፍ ነው። ቁጥሩን የሚጽፉት ሰዎች ደግሞ ሁልጊዜ የሚሰሙት የነጋዴውን፣ የአጓጓዡንና የገንዘብ ሚኒስቴርን ድምፅ ነው። መንገድ ዳር ተቀምጣ የምትተነፍሰው ሴት እስካሁን ወደዚያ ክፍል ደብዳቤ አልላከችም።

የደብዳቤው ረቂቅ ከጸሐፊያችን ዘንድ አለ። ሁለት ገጽ ነው። ማንበብ የምትቸገር እህት ካለች ከጎኗ ያለችው ታንብብላት፤ ሳትሰሙት አትፈርሙ። የሚቀየር ቃል ካለ እስከሚቀጥለው ስብሰባ ንገሩን። ከዚያ በኋላ በማኅበሩ ማኅተም ይወጣል። የሌሎች ማኅበራትና የእድር አባላት የሆናችሁም ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ፤ እነሱም በራሳቸው ስም ይጻፉ። አንድ ደብዳቤ መዝገብ ቤት ሊተኛ ይችላል። ሃምሳ ሲሆን ግን አንድ ሰው ከፍቶ ማንበቡ አይቀርም።

 ጥያቄ ካለ ለመመለስ ዝግጁ ነኝ።